ከል የጠጣ ከሰል

ጋሽ ዘውዴን መጀመሪያ ያወቅሁት በአፍንጫዬ ነው። አጅማን፣ አል ኑዓይሚያ ውስጥ፣ ሊፍቱ ከሚሠራበት ቀን የሚቆምበት በሚበዛበት ሕንፃ ላይ ነው የምኖረው። ሳሎኑን በመጋረጃ ከፋፍለው ካከራዩት፣ ቤድ ስፔስ ከሚሉት የአልጋ ቦታ አንዱ የእኔ ነው፤ እሱ ደግሞ በኮሪደሩ መጨረሻ ያለችውን ክፍል ተከራይቶ ገባ። ከሥራ ሲመለስ የሶዳና የስፒሪቶ ጠረን ቤቱን ይሞላዋል። እኔ ዱባይ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ሽቶ ስተነፍስ ውዬ፣ በአውቶቡስ ተገፍቼ መጥቼ ገና በሩን ስከፍት እንዲህ ያለ ነገር ሲቀበለኝ ደሜ ይፈላል። አንድ ቀን ልጣላው ብዬ በሩን አንኳኳሁ። የጥፍሮቹ ሥር ሰማያዊ የሆነ ረጅም ሰው ብቅ አለና «ይቅርታ ወንድሜ፣ ከሰል ሳጥብ ውዬ ነው» አለኝ። ከሰል የሚያጥብ ሰው ሰምቼም አላውቅ። ጠቡን ረስቼ ሳቄ አመለጠኝ፤ ጓደኝነታችን በዚያው ተጀመረ።

ሥራውን ሊያስረዳኝ ብዙ ደክሟል። ሻርጃ፣ ኢንዱስትሪ ሠፈር ውስጥ ባለ አንድ የጨርቅ ማቅለሚያ ነበር የሚሠራው፤ የደበዘዘ ዓባያ እንደገና የሚያጠቁሩበት፣ የሆቴል ፎጣና የጥበቃ ዩኒፎርም የሚነክሩበት ቤት ነው። ጨርቁ ተነክሮ ሲያበቃ የሚተርፈው ውኃ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ነው። እሱን እንዲያው ወደ ቱቦ መልቀቅ ክልክል ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ጋሽ ዘውዴ ይመጣል። ጋሽ ዘውዴ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ሁለት በርሜሎች አሉት፤ ውስጣቸው ከተምር ዘር በተሠራ፣ እንደ ክክ በደቀቀ ከሰል ተሞልቷል። ውኃው ከላይ ይገባል፣ ቀለሙ ከሰሉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ከሥር የሚወጣው ፊት የሚታጠቡበት የሚመስል ጥሩ ውኃ ነው።

«የከሰሉ ጉብዝና ምን መሰለህ ኤርሚ?» ይለኝ ነበር፤ «መያዙ እኮ አይደለም። መልቀቁ ነው። በሶዳና በስፒሪቶ ሳጥበው የያዘውን ሁሉ ይተፋልኝና እንደገና ሥራ ይገባል። ባይለቅማ ኖሮ ሞልቶ የሚጣል ቆሻሻ ነበር።»

የተፋውን ጥቁር ጭማቂ ለብቻ አጠራቅሞ በመኪና ያስወስደዋል። አገር ቤት እያለ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርቷል፤ የማቅለሚያውን ባለቤት ሙስዐብን ይህን ከሰል እንዲገዛ ሽንጡን ገትሮ ያግባባውም እሱ ነው። «አንዴ ግዛ፣ እያጠብኩ ዓመታት አሠራዋለሁ» ብሎ ቃል ገባለት፣ ቃሉንም ጠበቀ። ሙስዐብም ደስ ብሎት ደረጃውንና ደመወዙን ከፍ አደረገለት። በዚያች ደረጃ ነው ሚስቱን ምሕረትንና በስልክ ብቻ ሲያሳድጋት የኖረውን ልጁን ሳራን ያስመጣቸው። እንግዲህ የእናትና የልጅ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ በእሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ የእሱ በማቅለሚያው ላይ፤ የማቅለሚያው ደግሞ ከእነዚያ በርሜሎች ሥር በሚወጣው ውኃ ላይ። ውኃው ከጠቆረ ሦስቱ በአንዲት ክፍል አብረው መኖራቸው ያበቃል ማለት ነው። ይህንን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ችግሩ የመጣው ከክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ንዴቴን የማሳርፍበት አገኝ ነበር። የመጣው ከኑኑ ነው። ኑኑ የምሕረት የአገር ልጅ ናት፤ ሻርጃ አንድ ቪላ ውስጥ የቤት ሠራተኛ። የአባቷን ሞት የሰማችው ከተቀበረ በኋላ ነው። ማዳሟ «ኸላስ፣ አበቃ፤ አሁን ብትሄጂስ ምን ልታደርጊ?» ብላ አስቀረቻት። በእረፍት ቀኗ እኛ ቤት መጥታ ምሕረት ላይ ተደፍታ ካለቀሰች በኋላ ከቦርሳዋ ነጭ ነጠላ አወጣች። እናቷ ፈትላ የላከችላት ነው።

«ይቺን ጥቁር ንከርልኝ ጋሼ» አለችው።

እኔ በማያገባኝ ገብቼ «ጥቁር ልብስ በሞላበት አገር ተቀምጠሽ? ናይፍ ገበያ ሄደሽ አንዱን ገዝተሽ አትለብሺም?» አልኳት።

እንደ ዕብድ አየችኝ። «ከል ይገዛል እንዴ ኤርሚ? የሚጠቁረው በደስታ ቀን የለበስኩት ነው እንጂ! ደግሞ እዚህ ጥቁር ለብሶ የማይዞር ማን አለ? ዓባያ ገዝቼ ብለብስ አባቴ መሞቱን ማን ያውቅልኛል?»

ጋሽ ዘውዴን ግን አንጀቱን በላችው። ማሽኖቹ በማይሠሩበት ቀን ወደ ማቅለሚያው ወሰዳትና ጓሮ ባለችው አሮጌ ገንዳ ነጠላዋን ነከረላት። እሷን ያስጨነቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «አደራህን እንዳይለቅ ጋሼ፤ ከማዳም አንሶላ ጋር ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ገብቶ ቢነካካ ዋላሂ ያባርሩኛል» አለችው። ስለዚህ ማጽኛ ጨመረበት። ማጽኛ ማለት ቀለሙን ከጨርቁ ጋር አጣብቆ በሳሙናም በፈላ ውኃም እንዳይለቅ የሚያደርግ ፈሳሽ ነው። በሥራ ቀን የማጽኛው ውኃ በራሱ ቱቦ ለብቻው ይሄዳል፣ ከበርሜሎቹ ጋር አይገናኝም፤ ያንን ቱቦ ያስለየው ራሱ ጋሽ ዘውዴ ነበር። የጓሮው ገንዳ ግን ከድሮው መስመር ጋር እንደተያያዘ ቀርቷል፤ በቀጥታ ወደ ከሰሉ ይወርዳል። ይህንንም ያውቃል። «ለአንዲት ነጠላ አንድ ጭልፋ ማጽኛ ምን ያመጣል?» ብሎ የገንዳውን ውታፍ ነቀለው።

እውነትም የአንዲቷ ነጠላ ምንም አላመጣም። ያ ዓመት ግን ከአገር ቤት መርዶ የበዛበት ዓመት ነበር። ስልክ ለሳምንታት ይቋረጥና በተመለሰ ማግስት የሚሰማው ለቅሶ ነው። ኑኑ ለአንዷ ነገረች፣ አንዷ ለሌላዋ፤ ነጭ ነጠላቸውን በፌስታል ቋጥረው ከዱባይም ከሻርጃም ይመጡ ጀመር። ሁሉም ማዳም አላቸው፤ ሁሉም ማዳም ነጭ አንሶላ አላት፤ ስለዚህ ለሁሉም ማጽኛው ደህና ተደርጎ ይጨመራል። ጋሽ ዘውዴ አንዷንም አይሆንም አላለም። «ቀብር አልደረሱ፣ ሣልስት አልተቀመጡ፤ ሌላ ምን አደርግላቸዋለሁ?» ይለኛል። እኔም «አንተ ሰውዬ ማቅለሚያ ነው ወይስ ዕድር የከፈትከው?» እያልኩ እቀልድበት ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ጠረኑ ከወትሮው በርትቶ መጣ። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ከሰሉ አልለቅ አለኝ» አለ።

«ምን ማለት ነው?»

«ሳጥበው ጥቁር መትፋት ነበረበት። ደጋግሜ አጠብኩት፤ የሚወጣው ንጹሕ ውኃ ነው።»

«ንጹሕ ከወጣ ታዲያ ጥሩ አይደል?»

«አይ አንተ! ይዞት ቀረ ማለት እኮ ነው። ሞልቷል፤ ነገ የሚመጣውን ቀለም የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም።»

ምክንያቱ ወዲያው አልተገለጠለትም። ሶዳውን ጠረጠረ፣ የዓባያውን ቀለም ጠረጠረ። በኋላ ጓሮ ቆሞ ገንዳዋን ሲያይ ነው የገባው። ነጠላዎቹ ላይ ቀለሙን ያጣበቀው ማጽኛ ከሰሉም ላይ አጣብቆታል። ሴቶቹ እንዳይለቅ ለምነው ነበር፤ እንደለመኑት ሆነ።

ክፋቱ ደግሞ ከማዘጋጃ ቤት የመጡ ተቆጣጣሪዎች ውኃው ትንሽ ግራጫ ሆኖ አግኝተውት ኖሮ፣ ተመልሰው እንደሚመጡና ካልጠራ ማቅለሚያውን እንደሚያሽጉ አስጠንቅቀው ሄደዋል። የሠራተኛው ሁሉ ኢቃማ የሚታደስበት ወቅት ነበር። ሙስዐብ ቤቱ መቆየቱን ሳያረጋግጥ የማንንም እንደማያድስ ተናገረ። ጋሽ ዘውዴ አዲስ ከሰል እንዲገዛለት ቢለምነው «ስማ ዘውዴ፣ ‹አንዴ ግዛ› ያልከኝ አንተ አይደለህም? ታጥቦ ይመለሳል ብለህ አልማልክልኝም? እጠበዋ!» አለው።

«እውነቱን ንገረው» ብዬ ጮኽኩበት።

«ምን ብዬ? ዕረፍት ቀን በርህን ከፍቼ ሐዘንተኛ ሳስገባ ነበር ልበለው? ካሜራ አለው እኮ። አንድ በአንድ ፊታቸውን አይቶ ማዳሞቻቸው ዘንድ ቢደውልስ?»

«ለእነሱ ብለህ ልጅህን ልታስወጣ ነው?»

ተነሥቶ ወደ ክፍሉ ሄደ። እኔም መጋረጃዬን ስቤ ተኛሁ፤ በማግስቱ አልተነጋገርንም።

ከዚያ በኋላ ገንዳዋን ዘጋት። ግን ያልሰማች አንዲት ሴት ከዱባይ መጣች። በወር አንዴ ነው የምትወጣው፤ የሞተው ወንድሟ ነው። ነጠላዋን ይዛ በሩ ላይ ስትቆም ምን ያድርግ? ነከረላት፤ የተረፈውን ጥቁር ውኃ ግን ወደ ቱቦው መልቀቅ ስላልቻለ በጄሪካን ሞላው። ለመሸከም የተጠራሁት እኔ ነኝ። ክራቫቴን እንዳሰርኩ ከሻርጃ አጅማን በአውቶቡስ ጥቁር ውኃ አመላለስኩ። ሾፌሩ «ይሄ ምንድን ነው?» ቢለኝ «ኮካ ኮላ» አልኩት። ቤት ደርሰን ሽንት ቤት ደፋነው። «ጋሽ ዘውዴ፣ አሁን ይኼ ቀለም የት ይሄዳል?» ስለው ሰንሰለቱን ስቦ «እኔ እንጃ» አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ ቀለም ከውኃ ሲለይ የኖረ ሰው፣ አንገቱን እንደ ሌባ ደፍቶ ከሽንት ቤት ወጣ።

በዚያው ሰሞን የምሕረት ወንድም ማሩ ደወለ። የደወለው ለእሷ ሳይሆን ለጋሽ ዘውዴ ነው፤ ስልኩን ሲያይ ገና ገባው። የምሕረት እናት አርፈዋል። ኔትወርክ ጠፍቶ ስለነበር ከተቀበሩም ሰንብተዋል። መርዶ በእኛ ወግ እንዲያው በስልክ አይነገርም፤ ለባል ይነገርና ባል ወዳጅ ዘመድ ሰብስቦ፣ ገና በማለዳ፣ ሰው ከቤት ሳይወጣ ያረዳል። ጋሽ ዘውዴ ይህንን የነገረኝ ደረጃው ላይ አስቀምጦ ነው።

«አሁን ብነግራት ትሄዳለች» አለኝ። «ኢቃማዋ ሳይታደስ ከወጣች በሩ ከኋላዋ ይዘጋል። የውኃው ፈተና ይለፍልኝ። ኢቃማው ይታደስ። ከዚያ እንነግራታለን፤ ሄዳ አልቅሳ ትመለሳለች።»

ኑኑና ሌሎቹ ሴቶች ተማክረው ተስማሙ። ሁላችንም የምሕረትን ዐይን መሸሽ ጀመርን። እሷ ግን ምንም አልጠረጠረችም። እናቷ ጋ ትደውላለች፣ አይገባላትም፤ «ይኼ ኔትወርክ የሚሉት ነገር!» ትልና ስልኩን ወርወር አድርጋ ወጥ ታማስላለች። በዚያ ወራት ኔትወርክ ያልተሰደበበት ቀን አልነበረም፤ እኔም አብሬ እሳደብ ነበር።

ጋሽ ዘውዴ የሚሆነውንም የማይሆነውንም ሞከረ። በሶዳ፣ በስፒሪቶ፣ በፈላ ውኃ አጠበው። ጥቂት እፍኝ ወስዶ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ አቃጠለው፤ ግማሹ አመድ ሆነ፣ ግማሹ ትንሽ ነቃ አለ፤ ሁለት በርሜል ሙሉ ግን በምድጃ አይነቃም። ውኃው በበርሜሉ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲያልፍ ቧንቧውን አጠበበው፤ ሙስዐብ «ሥራ ቆመብኝ፣ ያላ!» ብሎ ከፈተው። ከሰሉን ሰው ይመስል ሲለምነው ሰምተዋል አሉ አብረውት የሚሠሩት። አምናለሁ። ቤት ውስጥም በእንቅልፉ ሲያወራ «ልቀቀኝ» ይል እንደነበር ምሕረት እየሳቀች ነግራኛለች።

ተቆጣጣሪዋ የመጣችበትን ቀን የነገረኝ ራሱ ነው። ወጣት ልጅ ናት፣ ትሕትና ያላት። ከበርሜሉ ሥር ከሚወጣው ውኃ በብልቃጥ ቀዳችና ወደ ብርሃን አነሣችው። በዐይን ሲያዩት ምንም የለውም ማለት ይቻላል፤ በጣም የቀጠነ ሻይ የሚመስል ነገር ነው። መሣሪያዋ ውስጥ ከተተችው። ጋሽ ዘውዴ ቁጥሩን እሷ ሳትነግረው አየው። «ጊዜ ብትሰጪኝ» አላት። «ሰጥተናል እኮ» አለችው፤ ደጋግማም አዝናለሁ አለችው። ልትቆጣው እንኳ አልቻለችም፤ ተቆጥታ ቢሆን ኖሮ ይሻለው ነበር።

ማቅለሚያው ታሸገ። ሙስዐብ ቤቱን ማጠቢያና መተኮሻ ብቻ አድርጎ አስቀረው። ነጭ ፎጣ ለሚያጥብ ቤት ቀለም የሚያጠራ ሰው አያስፈልገውም። «ዋላሂ ዘውዴ፣ እኔም አልወደድኩትም» አለው፤ መውደድ አለመውደዱ ግን ምን ይለውጣል? ኢቃማው ተሰረዘ፤ ከእሱ ጋር የሚስቱም የልጁም። እሱ እዚሁ ሌላ ሹግል፣ ሌላ ሥራ፣ እየፈለገ ሊቆይ፣ እነሱ አገር ቤት ሊገቡ ሆነ።

ምሕረት አንድ ቀን ሙሉ አለቀሰች። በማግስቱ ፊቷን ታጥባ ወጣችና ሻንጣ ማውረድ ጀመረች። «ምን ይደረግ» አለች፤ «ለበጎ ነው። ቢያንስ እማዬን አያታለሁ። ሳራንም አሳያታለሁ፤ ከመጣን ወዲህ አድጋ አላየቻትም።» ጋሽ ዘውዴ ተነሥቶ መታጠቢያ ቤት ገባና ቧንቧውን ከፈተው። ብዙ ቆየ።

ከዚህ ሁሉ እኔን የጎዳኝ ናይፍ ነው። ለእናቷ ጫማ ልትገዛ እንዳግዛት ጠየቀችኝ፤ ዐረብኛዬ ስለሚሻል ልከራከርላት። አልችልም የምልበት ምክንያት አልነበረኝም። እናቷ እግራቸው ያብጣል፤ ስለዚህ ለስላሳ፣ ሰፋ ያለ፣ ቶሎ የሚወልቅ ጫማ ነው የምትፈልገው። ከሱቅ ሱቅ አዞረችኝ። አንዱን እጇን አስገብታ እየለካች «ኤርሚ፣ ይኼ አይጠብባትም?» አለችኝ።

«አይጠብባትም» አልኳት።

ሻጩን ተከራከርኩት። ያን ዕለት እንደተከራከርኩ በዕድሜዬ ተከራክሬ አላውቅም፤ ጮኽኩበት፣ ወጥቼ ተመለስኩ፣ ሰው እስኪሰበሰብ ድረስ። ሰውየው ምን አደረገኝ? ምንም። ምሕረት ክንዴን ይዛ «ተው እባክህ፣ ለእማዬ ስጦታ በጠብ አይገዛም» አለችኝና እየሳቀች ጫማውን በጉያዋ ይዛ ወጣች።

ማሩ ደግሞ እየደወለ ይወተውት ነበር። «ዘመዱ ሁሉ በጥቁር ነው ያለው፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ እኔን አይታ እንዳትወድቅብኝ፣ እዚያው አርዷት» አለ። ትክክል ነው። ከዚህ በላይ የሚጠበቅ ነገርም አልቀረም፤ ፈተናው አብቅቷል፣ ኢቃማው የለም። በበረራቸው ቀን ማለዳ እንዲሆን ተቆረጠ።

ገና ጎህ ሲቀድ ተሰበሰብን። ኑኑ ማዳሟን ለምና መጥታለች። ሌሎቹም ጋሽ ዘውዴ የነከረላቸው ሴቶች፣ የቻሉት ሁሉ፣ ነጠላቸውን እንደለበሱ ደረጃውን ወጡ። ታጥቦ ታጥቦም እንኳ ጥቁርነቱ ንቅንቅ አላለም። ምሕረት ጥቁሩን ልብስ አይታ ትደነግጣለች ብለን አልፈራንም፤ ከነከረላቸው ወዲህ እነዚህን ሴቶች በሌላ ልብስ አይታቸው አታውቅም። በኮሪደሩ ግራና ቀኝ ቆምን። ቀድማ የምትናገረው በዕድሜ ትልቋ ትሁን ተባለ። ጋሽ ዘውዴ የገዛ ክፍሉን በር ሊያንኳኳ እጁን አነሣና መልሶ አወረደው። እንደገና አነሣ። ዞር ብሎ አየኝ፤ እኔም ምንም ላደርግለት አልቻልኩም።

በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ምሕረት ናት፤ የካርቶን ፕላስተር በእጇ ይዛ፣ ጸጉሯን በሻሽ ጠቅልላ። ኮሪደሩን የሞላነውን ሰዎች አንድ በአንድ አየችና ፊቷ በራ።

«ውይ! ይኼ ሁሉ ሰው ልትሸኙን ነው? በረራችን እኮ ማታ ነው!» አለች። ከዚያም ወደ ውስጥ ዞራ «ሳራዬ፣ ተነሺ፣ እንግዶች መጥተውልናል!» ብላ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችልን።